የካቡ ቅርስነት

አንድ ድንጋይ እንኳ ያለ ደብዳቤ የማይነቃነቅባት ደሴት የታደለች ናት። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ባንሃይ የሚኖርባት ደሴት ይህን ክብር ያገኘችው አምና ነው። አያቶቹ ዓሣ ለማጥመድ ባሕሩ ውስጥ የካቡት ረጅም ካብ «ሕያው ቅርስ» ተብሎ ተመዘገበ። ባሕሩ ሲሞላ ዓሣ ይገባበታል፤ ሲሸሽ እዚያው ይቀራል። የክረምቱ ማዕበል በየዓመቱ ይንደዋል፣ በዕጣ የማጥመድ ተራ የሚደርሳቸው ነዋሪዎች በየዓመቱ ይክቡታል። ይህ መጥፎ ልማድ ከምዝገባው ወዲህ ቀርቷል።

ዘንድሮ በባሕሩ አምላክ ቤተ መቅደስ ዕጣው ሲወጣ የባንሃይ ተራ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ዋለ። ካቡ ግን ላም የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። ሚስቱ ሱዪን፣ «ዘንድሮም ባዶ ቅርጫት ይዘህ ከመጣህ ቅርጫቱን ነው የምቀቅልልህ» ብላዋለች።

ስለዚህ ከተራው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ወርዶ አንድ ድንጋይ አነሣ። ኮ የሚባለው የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ሹም ከኋላው ደረሰ።

«አባባ ባንሃይ፣ ድንጋዩን ይመልሱ።»

«ወዴት ልመልሰው ልጄ? ከውኃ ውስጥ ነው ያነሣሁት።»

«ወደ ወደቀበት። አወዳደቁ ተመዝግቧል።»

«ካቡን እኮ የሠራው አያቴ ነው።»

«አያትዎ ጥንታዊ ባለሙያ ነበሩ። እርስዎ ነዋሪ ነዎት።»

«እሱስ ያኔ ነዋሪ አልነበረም?»

ሹሙ ይህን ማስታወሻው ላይ አልጻፈውም። «ማመልከቻ ያስገቡ፤ በበጋ ባለሙያ ይመጣል» አለ።

«ዓሣውስ እስከ በጋ ይጠብቃል?»

«ዓሣው መዝገብ ላይ የለም።»

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ከቀዳዳው አጠገብ የበር ያህል የብረት ሰሌዳ አቆመ፦ «ሕያው ቅርስ ነው፤ አይንኩት።» ከቀትር በኋላ የሰሜኑ ነፋስ ተነሣ። ነፋስ ማንበብ አይችልምና ሰሌዳውን ገፍትሮ ልክ ቀዳዳው ላይ ጣለው፤ ማዕበሉም ድንጋይ እያንከባለለ ደገፈው።

ባንሃይ በተራው ቀን ሲወርድ ካቡ ውስጥ ውኃው በዓሣ ጀርባ ብር መስሏል። ቅርጫቱን ሁለቴ ሞላ። ሹም ኮ እየሮጠ መጣ።

«አልነካሁም» አለ ባንሃይ እጆቹን ዘርግቶ። «ሰሌዳህን ላንሣልህ?»

«እንዳይሞክሩት! የመንግሥት ንብረት ነው። ለማንሣት ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

በሳምንቱ ጽሕፈት ቤቱ ካቡን በራሱ ባለሙያዎች እንደጠገነ ለበላዮቹ ሪፖርት አደረገ። ባንሃይም በሕይወቱ የመጀመሪያውን ማመልከቻ አስገባ፦ «በካቡ ደቡብ በኩል ሌላ ቀዳዳ አለ። ለቅርሱ ክብር እዚያም አንድ ሰሌዳ ይተከልልን። ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል።»

በዕለቱ ተፈቀደ።