ማደርና ማለፍ

ቋንቋችን ሌሊትን የሚፈራ ይመስለኛል። ጠዋት የምናገኘውን ሰው ዛሬ ምን ልትሠራ አስበሃል ብለን አንጠይቀውም፤ «እንዴት አደርክ?» ነው የምንለው። ማታ ስንለያይም «ደህና እደር» ብለን ነው። ሌላው ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል፣ ዋናው ማደሩ ነው። በጉልበቱ የሚኖረውን ሠርቶ አዳሪ እንለዋለን። ቢመክሩት ቢዘክሩት የማይሻሻለው አድሮ ቃሪያ ነው። ነገሩ ያልገባን እንደሆነ ውሎ አድሮ ይታያል ብለን እናልፋለን። «አደራ» የሚለውን ቃል ሊቃውንቱ ከየት እንደሚያመጡት አላውቅም፤ እኔ ግን የዚሁ የማደር ልጅ ይመስለኛል፤ ሰው ቤቱ አድሮ ያላየውን ሰው እንዴት ብሎ ያምናል? ከዚህ ሁሉ ዘር በኋላ ነው እንግዲህ «አዳሪ ትምህርት ቤት» የሚባለው የመጣው።

ማደር ደግሞ ጣውንት አለችበት፤ ማለፍ ትባላለች። ፈተና ሲታለፍ እልል ይባላል። በዘመድ ደጅ ሲታለፍ ግን ቂም ነው። በተለይ እኛ ወሎዎች ዘንድ ዘመድ ደጅ ደርሶ ሳያድሩ ማለፍ፣ በሐዘን ቤት በኩል እየሳቁ እንደ መሄድ ነው የሚቆጠረው። ሁለቱ ግሦች በሌላ ጊዜ ተቻችለው ይኖራሉ። አንድ ጊዜ ግን በአንዲት ልጅ ላይ ሲጣሉ አይቻለሁ።

የምኖረው መካነ ሰላም ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆንኩ ብነግራችሁም ባልነግራችሁም ደመወዙ ያው ነው። ታላቅ ወንድሜ አያ ይመር ከከተማው ራቅ ብሎ ገብስና ስንዴ የሚያርስ ገበሬ ነው። ሴት ልጁ ሀብታም ትባላለች። ከስሟ በቀር ሀብት እቤታቸው ገብቶ አያውቅም። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች፣ ደሴ ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ጎበዝ ልጆችን አወዳድሮ ሊቀበል ነው ተባለና ተፈተነች። ውጤቱ የመጣ ዕለት አያ ይመር ደወለልኝ። «ሀብታም አለፈች!» አለ፤ ደግሞ ደጋገመው። ላሙ መንታ የወለደችለት ዕለት እንኳን እንዲህ ሲሆን አልሰማሁትም።

የቀራት ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር። እሱም ደሴ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። ከቀረች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ቦታው ለሌላ ከተሰጠ ምን እንደሚከተል ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አፍ አውጥተን አንናገረውም እንጂ። ልጃገረዶችን ወደ አረብ አገር የሚልክ ደላላ ሰፈራቸው አለ። በዚያ ሰሞን ሰውየው ለአያ ይመር የሚሰጠው ሰላምታ ከቀን ወደ ቀን እየረዘመ ነበር። እኔ ሰላምታው ከልክ ያለፈ ሰው ሳይ ኪሴን እዳስሳለሁ።

መቼም የመንግሥት ሠራተኛ ሌላው ቢያቅተው ዕቅድ አያቅተውም። ሐሙስ ጠዋት ከመካነ ሰላም በመጀመሪያው ሚኒባስ እንነሣለን፤ አቀስታን ሳንወርድ እናልፋለን፤ ማታ ደሴ፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ አልጋ ይዘን እናድራለን፤ ዓርብ ልጅቱ አርፋ፣ ፊቷን ታጥባ ትቀርባለች። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ማን ዘጋው፣ ማን ከፈተው ብሎ መጠየቅ ቀርቷል፤ «ዛሬ አለ?» ብቻ ነው የሚባለው። እንግዲህ መንገዱ ባለ ቀን ቶሎ መሻገር፣ የዕቅዴ ብልሃት ይኸው ነበር።

«አልጋ?» አለ አያ ይመር፤ የመረረ ነገር አፉ ውስጥ የገባበት ይመስል። «ሴት ልጄን አልጋ ቤት ልታሳድርልኝ? እህታችን አቀስታ ቁጭ ብላ?»

«አያ፣ የምናድረው ደሴ ነው እኮ፤ አቀስታ አይደለም።»

«ደሴ ማን አለን?»

«ማንም።»

«ታዲያ ሰው የሌለበት ምን ያሳድራችኋል? ሰው ካለበት ለምን አታድሩም?»

እስቲ ይህን አነጋገር በምን ትረቱታላችሁ? ብቻ እንደምንም ለመንኩትና እሺ አለ። ልጁን መረቃት፤ ጎረቤታቸውን ሼኩንም ጠርቶ ዱዓ አስደረገላት። እኛ አገር ለጉዞ የሁለቱንም ወገን ምርቃት ይዞ መውጣት ነው፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ አይታወቅማ። እሺ ማለቱን እንጂ ለእህታችን ደውሎ የምናልፍበትን ቀን መናገሩን ግን አላወቅኩም ነበር።

እህታችን ስትወለድ በለጠች ነበረች። አቀስታ ነጋዴ አግብታ ዘይነብ ሆነች። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ ትልቅ ታሪክ ነው፤ እኛ ዘንድ ለወሬም አይበቃ። ባሏ ሞቷል። አንድ ልጇ አረብ አገር ከገባች ዓመታት አልፈዋል፤ በስልክ ትገኛለች፣ በአካል አትገኝም።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነው የተነሣነው። ዝናቡ ገና አልጠገበም፤ የለጋምቦ ጉም መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ሾፌሩ በግምት የሚነዳ ይመስላል። ሀብታም አጠገቤ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ብሰማት ለካ ራሷን በእንግሊዝኛ ነው የምታስተዋውቀው፤ ስሟን፣ አገሯን፣ ሐኪም መሆን እንደምትፈልግ። ስትሳሳት ጊዜ ዝም ትልና እንደገና ከስሟ ትጀምራለች።

አቀስታ መናኸሪያ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። በሩ ሲከፈት እትዬ ዘይነብ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ ፊት ለፊታችን ቆማለች።

«ውረዱ!»

«እትዬ፣ ነገ ደሴ ትፈለጋለች። ስንመለስ…»

«ስንመለስ ያለኝ ሰው እንዴት እንደሚመለስ አውቀዋለሁ። ውረዱ፤ በጉ ታርዷል።»

«በጉ ታርዷል» ለሌላ አገር ሰው ግብዣ ነው። ለኛ ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ላስረዳችሁ። በኛ አገር እስላምና ክርስቲያን የማይጋራው ነገር የለም፤ ሠርጉን፣ ሐዘኑን፣ ስሙን ሳይቀር ይጋራል። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም በየራሱ ባርኮ ያረደውን ነው የሚበላው። ስለዚህ እትዬ ዘይነብ እኛን ልታስተናግድ ክርስቲያን ጎረቤቷን ለምና በጓን አሳርዳለች። በጉ የእሷ፣ ሥጋው የኛ። እሷ አትቀምሰውም። ያም ሆኖ ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ነገ ዓርብ ነውና እኛም አንቀምሰውም። ያ በግ ዛሬውኑ እኛ ካልበላነው በከንቱ ሞተ ማለት ነው።

«ያ ረቢ! እናንተ ካለፋችሁ ማን ይብላው? እኔ አልነካው! ጎረቤቴ ብቻውን በግ ይጨርሳል? ለውሻ ነው እንዴ ያሳረድኩት?»

ሾፌሩ ይሄኔ ሞተሩን አጥፍቶ ከክርክሩ ገባ። የአገር ልጅ ነው፤ በግ ከታረደ በኋላ መኪና መንዳት ነውር መሰለው። «የእናት ቃል አይገፋም» አለኝ። «ጠዋት መኪና ሞልቷል፤ ከቀትር በፊት ደሴ ናችሁ።» ሻንጣችንን ከላይ ያወረደው ራሱ ነው። ተሳፋሪዎቹም በአንድ ድምፅ ደገፉት። እንዲህ ያለ አንድነት በሌላ ጉዳይ ላይ አይቼ አላውቅም።

ሀብታም የኮቴን እጅጌ ያዘችና በቀስታ «ጋሼ፣ እንለፍ» አለችኝ።

ሰማኋት። እትዬ ዘይነብም ሰማቻት። ጃንጥላው እጇ ላይ ዘመም አለና ዝናቡ ትከሻዋን መምታት ጀመረ። «ልጄ፣ እኔን ነው የምታልፊኝ?» አለች። ከዚህ በኋላ የሚያልፍ ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ።

አደርን። በላን። እትዬ ዘይነብ ሥጋውን በእጇ እየቆረጠች ስታጎርሰን፣ እጇን እየታጠበች ሽሮዋን ስትበላ አመሸች። መኝታ ሲደርስ ሀብታምን የልጇ አልጋ ላይ አስተኛቻት። ያ አልጋ ልጅቱ ከሄደች ጀምሮ ይነጠፋል፤ ማንም ግን ተኝቶበት አያውቅም። እትዬ አንሶላውን ታስተካክላለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ሄዳ ታስተካክላለች። በጉ ሰበብ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። አልጋው ሰው እንዲያድርበት ነበር የፈለገችው። አንጀቴን በላችኝ፤ እንኳን አላለፍን አልኩ በሆዴ። ይህን ያልኩት ማታ ነው።

ጠዋት መናኸሪያው ጭር ብሏል። «መንገድ የለም» አሉን። ወደ ትምህርት ቤቱ ልደውል ስሞክር ስልኩም የለም፤ መንገዱን ተከትሎ ሄዷል። ይከፈት ይሆናል እያልን ቆምን። ረፋዱ ሄደ፤ ቀትርም ሆነ። እትዬ ዘይነብ ያንን የትናንቱን ጃንጥላ ይዛ መጣችና ሀብታም ራስ ላይ ዘረጋችላት። «አብሽሪ፣ ያልፋል» አለቻት። ሲያልፍ ያለፋል የሚባለው እውነት ነው። የቃለ መጠይቁ ሰዓት አቀስታ መናኸሪያ ዝናብ ላይ ቆመን አለፈ። ሀብታም ከንፈሯን ማንቀሳቀስ የተወችው ያኔ ነው።

ቅዳሜ መንገዱ ተከፈተ፤ ደሴ የገባነው ግን ወደ ማምሻው ነበር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያገኘናት ሴት ወንበር ሰጥታ አስቀመጠችን። ወንበር የሚሰጥ ቢሮ መልካም ነገር ሊነግራችሁ እንዳልሆነ እወቁ።

«ኮሚቴው ትናንት ጨርሷል» አለች።

«መንገድ ተዘግቶብን ነው፣ እህቴ።»

«መዘጋቱንማ ሰምተናል። ግን በእናንተ በኩል የመጡት ልጆች እኮ ሐሙስ ማታ ገብተዋል።»

አፌን ከፈትኩ። ከየት ልጀምርላት? ከበጉ? ከጎረቤቱ? ከዓርብ ጾም? ወይስ ለዓመታት እየተነጠፈ ሰው ከማያድርበት አልጋ? እሷም የወሎ ልጅ ናት፤ ብነግራት ይገባት ነበር። ኮሚቴ ግን በግ አይገባውም። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ስለመሸ አዘነችልንና ልጅቱ እዚያው ሴቶቹ መኝታ ትደር አለች። እኔ አልጋ ያዝኩ፤ ዕቅዴ ውስጥ የነበረውን ያንኑ አልጋ። እንግዲህ ሀብታም የአንድ ሌሊት አዳሪ ሆነች። በማግስቱ ከግቢው በር ስቀበላት፣ አፍ ልማዱ ነውና «እንዴት አደርሽ?» አልኳት።

«አልጋቸው ፎቅ አለው፣ ጋሼ» አለች። «እኔ ላይኛው ላይ ነው የተኛሁት።»

ስንመለስ አቀስታ አደርን። በግ አልነበረም። እትዬ ዘይነብ «ኸይር ነው» እያለች ደጋግማ አጽናናችን፤ ሀብታምም እጇን ስማ ተሰናበተቻት።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብኝ ጥፋተኛውን በሰከነ ልብ ፈልጌዋለሁ። አያ ይመር እህቱን አክብሮ ነው የደወለ። እህቴ ሰው ናፍቋት ነው። ሾፌሩ ሽማግሌ ሆኖ ነው። እኔም እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው። ሁሉም ደግ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። ክፉ ሰው የጎዳው ሰው ይከስሳል፤ ደግ ሰው የጎዳው የት ሄዶ አቤት ይላል? ደላላው ብቻ ነበር ሥራውን በወጉ የያዘ። ሰላምታው አሁን ወደ ቤት ገብቶ ተቀምጦ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ስለ አዝመራው ጠይቆ የሚሄድ ሆነ። የሀብታም ዕድሜም በወረቀት ላይ ከእሷ ቀድሞ አደገ።

ዓመቱ ዞሮ ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት እትዬ ዘይነብ ደወለችልኝ።

«ሀብታም አለፈች» አለችኝ።

ልብ ሞኝ ነው። ለአፍታ ደስ አለኝ። እንደገና ተፈትና ይሆን፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ አስጠርቷት ይሆን፣ ብቻ ምኑን ቅጡን አሰብኩ።

«የቱን ነው ያለፈች፣ እትዬ?»

«እኔን ነዋ! ትናንት፣ ከዚያ ሰውዬ ጋር። ይመር እንደምትመጣ ነግሮኝ አልጋውን አነጣጥፌ መናኸሪያ ቆሜላት ነበር። በመስታወቱ አየችኝ፣ ወላሂ አየችኝ። ሾፌሩ ሊያቆም ሲል «እንለፍ» አለችው፤ የሾፌሩ መስኮት ክፍት ነበር፣ በጆሮዬ ነው የሰማኋት። ምን አስቀየምኳት፣ ወንድምዓለም?»

ቸኩላ ነው፣ አውሮፕላን እንዳያመልጣት ነው አልኩ። ያልፋል፣ አብሽሪ አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ። ለካስ አቀስታን ሳያድሩ ማለፍ ይቻል ኖሯል።