የፌዝ ለውጥ በደባርቅ አዳራሽ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ደባርቅ ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "ይቺ አሮጊት ፈጠራ ጀመረች" ትሉኛላችሁ!

እኔ የራሴን ጉዳይ ለሰው የማወራ ሴት አይደለሁም። ግን ከተማው ሁሉ ስላየው፣ ከሌላ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ፔሮቭስካይት በሚባል ክሪስታል ላይ ነው። ኤን ኤም አር የሚሉት ትልቅ ማግኔት ውስጥ አስገብቼ እያቀዘቀዝኩ፣ ከአተሞቹ እምብርት የሚመጣውን ሲግናል አያለሁ። የሆነ ዲግሪ ላይ ሲደርስ የክሪስታሉ ቅርጽ ድንገት ይጣመምና፣ ስክሪኑ ላይ አንድ የነበረው መስመር ሁለት ይሆናል። ፈረንጆቹ "ፌዝ ትራንዚሽን" የሚሉት ይህንን ነው።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሁለቱን መስመሮች በስብሰባ ላይ ሳሳይ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ የዳባቱ ልጅ ዶክተር ታከለ ምን አለኝ?

"ናሙናሽ ቆሽሿል። ዕቃ ማጠብም አትችዪም እንዴ?"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ!

ሠላሳ ዓመት ያልኩት ቆጥሬ አይደለም። እሺ፣ ቆጥሬ ነው።

ዛሬ ለከተማችን ሰው ስለ ሥራዬ እንድናገር ስጋበዝ፣ እሱንም ከዳባት አስጠራሁት። የመጀመሪያው ስላይዴ የእሱ ፎቶ ነው። ከሥሩ በቀይ፦ "ዕቃ ማጠብ የማይችለው ማን ነው?"

ባነሩንም "ትራንዚሽን" የሚለውን ብቻ ወደ አማርኛ መልሼ ራሴ ጽፌ አሳተምኩ፦ "የፌዝ ለውጥ"።

ፌዝ! በገዛ ቋንቋዬ ምን ማለት እንደሆነ እንዴት ይጠፋኛል?

አዳራሹ ጢም አለ። ለካ ሕዝቡ የመጣው፣ በሰው ማፌዝ ይቅር የሚል ምክር ሊሰማ ነው!

ፕሮጀክተሩን ሳበራ መብራት ጥፍት! እስኪመጣ አንድ ቄስ ተነሡ።

"እሜቴ መልካም አሰቡ። ፌዝ ሰው ያቆስላል። እስቲ በሰው ያፌዘ ካለ፣ ዛሬ ይቅርታ ይጠይቅ።"

ታከለ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ።

"እኔ አለሁ፣ አባ። እሷን ዕቃ ማጠብ አትችዪም ብዬ አፌዝኩባት። በኋላ ራሴ ለካሁት፤ መስመሩ እውነትም ሁለት ነው። ለመናገር አፍሬ ኖርኩ። ይቅር በዪኝ፣ እህቴ።"

ስጠብቀው የኖርኩት ቃል! "ይቅር..." ልል አፌን ስከፍት፣

መብራት መጣ።

ግድግዳውን ያከለ የታከለ ፎቶ! ቀዩ ጽሑፍ! ከበላዩ ባነሩ!

"ውይ እትዬ! ይቅርታ እየጠየቀዎት?" አለች ከፊት የተቀመጠች ሴት።

ቄሱ ፎቶውን አዩ። እኔን አዩ።

"ለካ ፌዙ የተለወጠው ከእሳቸው ወደ እርስዎ ነው።"

መጀመሪያ የሳቀው ታከለ ነው። ከዚያ አዳራሹ። ስለዚያ ክሪስታል ሲሳቅብኝ ይህ ሁለተኛዬ!

ይቅር አልኩት። ሕዝብ እያየኝ ምን ላድርግ? ስላይዱን ግን አላጠፋሁትም።

ክሪስታሉም እኮ ሲሞቅ ወደ ድሮ ቅርጹ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። በደባርቅ ብርድ እኔ ልቤ ሞቆ እስኪመለስ ምን ያህል የምፈጅ ይመስላችኋል?