የጋሽ መሸሻ ምደባ

በየሰፈሩ ልጆቻችን ምን መማር እንዳለባቸው ከመንግሥት ቀድሞ የሚመድብ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየሙ ሥር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው ክቡር ጋሽ መሸሻ ናቸው። አንዲት ልጅ ሚስማር ልትገዛ ገብታ ነርስ ሆና ትወጣለች። «እኔ የማውቀው ገበያውን ነው» ይላሉ። የጎረቤታችንን ልጅ ወልደ አማኑኤልን ሲቪል ኢንጂነር ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ ልጁ ሥራ ፍለጋ ሲደክመው ሱቃቸው ደጃፍ ያርፋል። ጥፋቱ የገበያው ነው።

አንድ እሑድ የእድር ስብሰባ ሲያበቃ እኔንና ልጄን ሉሲን አስቆሙን።

«ሉሲዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ምን ልትማሪ አሰብሽ?»

«ገና አልወሰነችም» አልኩ ቶሎ ብዬ። ወስናለች እንጂ። የትኛውን ቋንቋ እንደምትጨምር እንኳ አቅዳለች። ሰው ፊት የትምህርቱን ስም መጥራት ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ጋዜጣ ላይ እየጻፍኩ እንጀራ የምበላው እኔ።

«ወስኛለሁ» አለች ሉሲ። «ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍና ትርጉም።»

ጋሽ መሸሻ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማነጻጸርም ይማሩታል? በይ እኔ በነፃ ላነጻጽርልሽ፤ አካውንቲንግ ይሻላል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሉሲ ሌላውን ሁሉ ትታ እኔን አየችኝ። ቤት እስክንገባ ቀድማኝ ሄደች፤ እኔም ይቅርታ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

በማግስቱ ጋሽ መሸሻ በራችንን አንኳኩ። ምደባቸውን ሊያጸድቁ የመጡ መስሎኝ ነበር።

«ትናንት ስትስቅ አየሁህ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «እኔ ብስቅ ጎረቤት ነኝ። አንተ አባቷ አይደለህ?»

«ይቀመጡ እንጂ» አልኩ። እሳቸው ወደ ሉሲ ዞሩ።

«በይ አስረጂኝ። ምኑን ከምኑ ነው የምታነጻጽሪው?»

«ለምሳሌ የጎጃምን ተረት ከካፋ ተረት» አለች እያመነታች። «የካፋው ግን ተጽፎ ብዙ አላገኘሁም። ቋንቋውን መማር አለብኝ።»

የካፋ፣ የቦንጋ ልጅ የሆኑት ጋሽ መሸሻ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ገበያውንም አላነሱም።

«እኔ ልጆቼን እንኳ ቋንቋውን አላስተማርኳቸውም» አሉ። «ሰው ይስቅባቸዋል ብዬ።»

ከዚያ ወዲህ ሉሲ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው ትቀመጣለች። እሳቸው ገዢ አቁመው ተረት ይነግሯታል። ትናንት እኔም እዚያው ሳለሁ አንዲት እናት ልጇን ሕክምና ስለማስተማር ልታማክራቸው መጣች።

«ሐኪም ሞልቷል» አሏት። «ትርጉም ትማር። ይኸው የተርጓሚዋ አባት፣ ጠይቂው።»

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ሥራ ይገኝበታል?»

አፌን ሳልከፍት ጋሽ መሸሻ «እንዴታ!» ብለው መለሱልኝ። ደግ አደረጉ፤ እኔ የትምህርቱን ስም ሰው ፊት ለመጥራት ገና እያፈርኩ ነበር።