ሊቀ ፍላሽ ኦልጅራና የጠፋው ድምፄ

ያለ ጠመኔ የሚሠራ ትምህርት ቤት አይቻለሁ፤ ያለ መጽሐፍ የሚሠራም አይቻለሁ። ያለ አንድ ኦልጅራ የሚሠራ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እጃጂ አስተምሬአለሁ፣ ካቺሲም አስተምሬአለሁ፣ አምቦ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ጠጉሬ ሸብቷል። በሄድኩበት ሁሉ ስሙ ይለያያል እንጂ ሰውዬው ያው ነው። አንገቱ ላይ ፍላሽ ዲስክ አንጠልጥሏል፤ ባንዱ ኪሱ ሁለት ስልክ፣ በሌላው የተጠማዘዘ የቻርጀር ገመድ አለ። ለእረፍት ወጥታችሁ ሻያችሁን ስታማስሉ አጠገባችሁ ይቀመጥና "አንድ ነገር ላሳያችሁ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ" ይላችኋል። ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ደወሉ ይደወላል፣ ሁለቱ ደቂቃ ግን አላለቀም።

የእኛው ሰውዬ ክቡር ሊቀ ፍላሽ መምህር ኦልጅራ ይባላሉ። አንቱ የምላቸው በዕድሜ በልጠውኝ አይደለም፤ እኩያሞች ነን፣ ፊት ለፊት አንተ ነው የምላቸው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው ማዕረግ ካልተሰጠው በአንድ የመምህራን ክፍል አብሮ መዋል አይቻልም። ማዕረጉን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። እንዲናደዱልኝ ነበር ያወጣሁት፤ እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው የስልካቸው የብሉቱዝ ስም አደረጉት።

ሥራቸው አይሲቲ ማስተማር ነው። ክፍላቸው ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች የሚበዙት ስለማይነሱ የተረፋቸውን ጉልበት ሁሉ እኛ ላይ ያወጡታል። መፈክራቸው አንድ ነው፦ "ነጻ ነው እኮ!" ነጻ መዝገበ ቃላት፣ ነጻ የጨረቃ ካርታ፣ ነጻ ቫይረስ ማጥፊያ፣ ከነጻው ቫይረስ ማጥፊያ ጋር ተደብቆ የገባውን የሚያጠፋ ሌላ ነጻ ቫይረስ ማጥፊያ። ነገሩን ለምን እንደምትፈልጉት ብትጠይቋቸው ቅር ይላቸዋል። ነጻ ከሆነ መቼስ ለምን ይባላል?

የሒሳቡ መምህር ወሰኑ አንድ ቀን ሰዓት ስንት እንደሆነ ብቻ ጠየቃቸው። ሊቀ ፍላሽ መልሱን ትተው ስልኩን ተቀበሉና ሰዓት በገባ ቁጥር በእንግሊዝኛ የምትናገር ሴት ጫኑለት። ማጥፊያውን ሳያሳዩት ደወል ቀደማቸው። በማግስቱ ወሰኑ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ ሴትዮዋ ከኪሱ ውስጥ ስድስት ሰዓት መሆኑን ለሐዘንተኛው ሁሉ አበሰረች። ወሰኑ ለሳምንት ያህል አላናገራቸውም። እሳቸው ግን ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነበር። "ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል አይደል?" አሉኝ።

ምክትል ርዕሰ መምህራችን ኦቦ ደግፌ ደግሞ የዓመቱን ሪፖርት ሊያስረክቡ ሲሉ ፍላሻቸው ውስጥ ያለው ፎልደር ሁሉ በቫይረስ ተበልቶ ባዶ ሾርትከት ሆኖ ጠበቃቸው፤ ሲነኩት አይከፈትም። ሰውዬው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ኦልጅራ ደርሰው በአንድ ነጻ ፕሮግራም ሪፖርቱን ከነቀለሙ መለሱላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ ደግፌ ፊታቸውን አያጠቁሩባቸውም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል።

እኔ ፍቅርተ እባላለሁ፤ የማስተምረው ታሪክ ነው። ከሊቀ ፍላሽ ለመሸሽ ያላደረግሁት ነገር የለም፤ የሻይ ሰዓቴን ሳይቀር ቀይሬአለሁ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ግን ክፍሌ ድረስ መጡብኝ። "አዴ ፍቅርተ፣ ነጻ የድምፅ መቅጃ አግኝቻለሁ። የተማሪ ጫጫታ ቀንሶ የመምህሩን ብቻ ይወስዳል አሉ። ያንቺ ክፍል ጫጫታ ስለሚበዛበት ለሙከራ ይመቻል፣" አሉኝ፤ ስድብ ይሁን ምስጋና እስካሁን አልገባኝም። ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋድመው ሄዱ። በሚቀጥለው ቀንም አመጡት፣ በሚቀጥለውም። መጀመሪያ ተቆጣሁ፣ ኋላ ሰለቸኝ፣ በመጨረሻ ስልኩን እንደ ዳስተሩ ቆጠርኩትና ረሳሁት።

ከፋሲካ በኋላ ድምፄ ጠፋ። መጎርነን ሲጀምር ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል በማር ጠጣሁ፤ ጭራሽ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ማለት ጀመረ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመብራት አይቶ የድምፅ አውታሬ ላይ እብጠት እንዳለ ነገረኝ። "እስከ ሰኔ አንዲት ቃል እንዳትናገሪ፤ ሹክሹክታም ይጎዳል። ይህን ካላከበርሽ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል፣" አለኝ። እሺ ልለው አፌን ስከፍት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

የዕድሜዬን እኩሌታ በድምፄ ነው የኖርኩት። ሌላ ሙያ የለኝም፣ መሬት አላርስም፣ ንግድ አላውቅም። አሥረኛ ክፍሎች ደግሞ ብሔራዊ ፈተናቸው ደርሷል። ለፊዚክሱና ለሒሳቡ ትምህርት የሚያስተላልፍ ፕላዝማ ቴሌቪዥን አለላቸው፣ መብራት ካልጠፋ ከአዲስ አበባ ይናገራል። ለታሪክ ያለው ፕላዝማ እኔ ብቻ ነኝ።

ኦቦ ደግፌ ቢሯቸው ጠሩኝ። "አዴ ፍቅርተ፣ ቤተ መጻሕፍት ብትገቢስ? ፀጥ ያለ ነው፣ ለጤናሽም ጥሩ ነው። ታሪክ መቼም የንባብ ትምህርት ነው፣ ልጆቹ ራሳቸው ያነባሉ፣" አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያሰቡልኝ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ወደ ክፍል የተመለሰ መምህር አላውቅም። አይሆንም ብሎ ለመጮህም ድምፅ ያስፈልጋል።

በሩ ላይ ሊቀ ፍላሽ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል። "ራኮ ህንቀቡ!" አሉ፤ ችግር የለውም ማለታቸው ነው። "ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። መጽሐፉን አስገብተን ኮምፒውተሩ ያስተምርላት። ነጻ ነው እኮ!"

ኮምፒውተሩ አስተማረልኝ። አፍንጫውን የያዘ ፈረንጅ በሚመስል ድምፅ፣ ነጥብ ላይ ሳይቆም፣ የአባ ጅፋርን ስም የመድኃኒት ስም አስመስሎ አነበበው። እኔ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም በአማርኛ አብራርቼ፣ ያልገባው ሲኖር በኦሮምኛ ደግሜ ነው የማስተምረው። እሱ ይህን ከየት ያውቃል? ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ አዛጉ፣ ቀጥሎ የኋላው ረድፍ ተኛ። እኔ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ እንደ ተረሳ ዣንጥላ ቆሜአለሁ። ደወሉ ሲደወል ከመጸዳጃው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ለቅሶውም ያለ ድምፅ ነበር፤ ሐኪሙ ከልክሏላ።

ሊቀ ፍላሽ ፈልገው አገኙኝ። በዚያ ቀን "ሁለት ደቂቃ ብቻ" አላሉም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ፍላሹን ካንገታቸው አወጡ፣ ላፕቶፓቸው ላይ ሰኩት፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ።

"ኦልጅራ! ይህን ስልክህን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሳልኝ!" አለ ድምፄ። የራሴ ድምፅ፣ ጤነኛው፣ ቁጡው። በር ተዘጋ። "እሺ ልጆች፣ ባለፈው የጊቤ ግዛቶች ላይ ነበርን።"

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ዓመቱ ሙሉ አለ፣" አሉ ጫማቸውን እያዩ። "መጀመሪያ ለሙከራ ነበር። ኋላ ግን... ማታ ወደ ቤቴ፣ ወደ ጉደር፣ ስመለስ ታክሲ ውስጥ እሰማዋለሁ። እኔን ታሪክ ያስተማረኝ ሰው መጽሐፉን ገልብጦ የሚያጽፍ ነበር፤ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። የፈረንሳይ አብዮት ላይ የደረስሽ ቀን መውረጃዬን ረስቼ ጉደርን አልፌ ሄድኩ።"

ያን ሰዓት ምን እንደተሰማኝ በጽሑፍም አይወጣልኝም። ያንን ሁሉ ጊዜ ስሸሻቸው የነበረው ሰው ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዙ ኖሯል።

የቀረው ለልጆቹ ማድረስ ነው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ደግሞ ስልክ ክልክል ነው፤ የኦቦ ደግፌ መሳቢያ በተወረሰ ስልክ ሞልቶ አልዘጋ ብሏል። ኦልጅራ ቢሯቸው ገብተው ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ስለ ዳነው ሪፖርት አንድ ቃል እንዳልተነፈሱ ይምላሉ፤ ፍላሹን ብቻ ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከሩ እንደነበር ጸሐፊዋ ነግራኛለች። መሳቢያው ተከፈተ፤ ስልኮቹ ለልጆቹ ተመለሱ።

በዚያ ዘመን ተማሪው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቷል፤ አንድ ጎበዝ አምስቱን እያስጠና ይዞ ይሂድ ተብሎ። በተግባር ቡድኖቹ የሚሰበሰቡት ሱፐርቫይዘር የመጣ ዕለት ነው። ሊቀ ፍላሽ አደረጃጀቱን አልነኩም፣ መሪዎቹን ብቻ ቀየሩ። የቡድን መሪ ጎበዙ መሆኑ ቀረና ሰፊ ሚሞሪ ያለው ሆነ። ትምህርቱን በብሉቱዝ ለመሪዎቹ ይልካሉ፣ መሪው ለአምስቱ ይልካል። ስልክ የሌለው ካለው አጠገብ ተቀምጦ አንዷን ማዳመጫ ይጋራል። ግቢያችን ባሕር ዛፉ ሥር ስድስት ስድስት ሆኖ ግንባር ለግንባር በገጠመ ተማሪ ሞላ። ኦቦ ደግፌ በመስኮት አይተው አንድ ለአምስት በመጨረሻ ሥር ሰደደ ብለው ሪፖርታቸው ውስጥ አስገቡት። ውሸት ነው የሚላቸው አልተገኘም።

ክፍል ውስጥ ደግሞ የሊቀ ፍላሽ ስፒከር ጠረጴዛዬ ላይ ሆኖ በኔ ድምፅ ይናገራል፣ እኔ በዱላ ካርታው ላይ አሳያለሁ፣ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። አሥረኛ ክፍል ውስጥ አመዩ የሚባል ከመስኮት ዓይኑን የማይነቅል ልጅ አለ። አንድ ቀን ስፒከሩ በመሀል "አመዩ፣ ከመስኮቱ ተመለስ!" ሲል ልጁ በድንጋጤ ዞረ። ኅዳር ላይ የተቆጣሁት ቁጣ ነው። ያኔም ወደ ውጭ ነበር የሚያየው፣ አሁንም ወደ ውጭ ነበር የሚያየው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ድምፅ እንዳይወጣኝ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅሁ።

ጎረቤቴ አዴ ሶረቲ አጥር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። "ድምፅሽ ጠፋ ብለው ሲያወሩ አምኜ አዝኜልሽ ነበር። ትናንት ከልጄ ስልክ ውስጥ ስትቆጪ ሰማሁሽ እኮ!" አለችኝ። ምን ልበላት? ራሴን ነቀነቅሁ። ባጃጅ ውስጥ ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ስናገር ሰማሁ። ፀጉር ቤት በራፍ ላይ አንድ የቻይና ስልክ ኦልጅራን በኔ ድምፅ "ስልክህን አንሳልኝ!" እያለ ይጮህባቸዋል። ያቺን መግቢያ እንዲቆርጧት በወረቀት ጽፌ ለምኜአቸው ነበር። መቁረጫ ፕሮግራሙም ነጻ ነው። አልቆረጧትም።

ፈተናው ደረሰ፣ አለፈም። አመዩ ከአዳራሹ ሲወጣ ሮጦ መጣ። "ቲቸር፣ ጥያቄውን ሳነብ በእርስዎ ድምፅ ነው የሰማሁት። በመስኮት እንኳ አላየሁም፣" አለኝ። የዚያን ቀን ከነድምፄ ማጣት ቀለለኝ። ልጆቼ ሜዳ ላይ አልቀሩም፣ የቀረው የኔ ጉሮሮ ነው።

ሰኔ ላይ ሐኪሙ መብራቱን አብርቶ አየ፣ ደግሞ አየ። "እስቲ ኣ በይ፣" አለኝ። "ኣ" አልኩ። ሻካራ ነበር፣ ግን የኔ ነበር። "እብጠቱ ጠፍቷል። ቀስ ብለሽ ጀምሪ፣ መስከረም ክፍልሽ ትገቢያለሽ፣" አለ። እፎይ! ሰውየውን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ከኣ ውጭ ግን አንድም ቃል አላወጣሁም። የመጀመሪያውን ቃሌን ለማን እንደማደርገው አውቄ ነበር። መንገዱን ሙሉ በልቤ ሳዘጋጀው ሄድኩ፤ ምስጋና፣ ረጅም፣ ያማረ፣ ሙሉ ማዕረጋቸውን ጠርቼ፣ ያለ ሹፈት አንቱ ብዬ።

የመምህራን ክፍል ስገባ ወሰኑ አለ፣ ኦቦ ደግፌ አሉ፣ ሌሎችም ሻይ ይዘዋል። አፌን ልከፍት ስል ሊቀ ፍላሽ ከወንበራቸው ተነሱ።

"አዴ ፍቅርተ! እንኳን መጣሽ። አንድ ነገር ላሳይሽ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ቀረጻዎቹን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያደርግ፣ በየርዕሱ የሚለይ፣ መብራት ቢጠፋም..." ቆሜ ጠበቅሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ። "...አንዳንዴ ይቆማል፣ ግን ራኮ ህንቀቡ፣ ነጻ ነው እኮ! ደግሞ ሌላው..."

"ኦልጅራ፣ እባክህ አንዴ ዝም በል!"

ወሰኑ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ያማረው ምስጋናዬ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም፣ የወጣው ያ ብቻ ነው። ሊቀ ፍላሽ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ከዚያ ዓይናቸው ሞላ፣ እጃቸውንም ኪሳቸው ውስጥ ከተው መፈለግ ጀመሩ። መሀረብ የሚያወጡ መስሎኝ ነበር። ያወጡት ስልካቸውን ነው።

"ድገሚው፣" አሉኝ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። "አልቀዳሁትም።"

ደገምኩላቸው። ነጻ ነው እኮ።