ክቡር አሰልጣኝ፣ ወረቀት ቆራጩ

በዓለም ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሽንፈት የሚባል ነገር የማይገባው አንድ ሰው አለው። ማስታወቂያ አውጥቶ አይደለም የሚቀጥረው፤ ሰውየው እንዲሁ ይገኛል። ሊፍት ተበላሽቶ አምስት ፎቅ በእግር ስትወጡ «ለልብ ጥሩ ነው» የሚላችሁ እሱ ነው። ዝናብ ሲያበሰብሳችሁ «እያባራ ነው» የሚላችሁም እሱ ነው። እናንተም ጋ አለ። አሁን ይህን ስታነቡ ፊቱ ድቅን ብሎባችኋል።

የእኛ ማተሚያ ቤት ይህን ሰው «ክቡር አሰልጣኝ» ይለዋል። አሰልጣኝ የተባለው ማንንም አሰልጥኖ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ኳስ በእግሩ ነክቶ አያውቅም፤ ሲሮጥ ያየሁትም አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም አውቶቡስ አምልጦት። ሥራው ወረቀት መቁረጥ ነው። ከበር የሚሰፋ መቁረጫ ማሽን አለው፣ ከጎኑ ይቆማል፣ ከታተመው ላይ ትርፉን ጠርዝ ይቆርጣል። እኔ ደግሞ በአጠገቡ ባለው ክፍል እርማት አነባለሁ። የእኔ እንጀራ ስህተት መፈለግ ነው፤ የእሱ ደስታ ስህተቱ ይስተካከላል ብሎ ማመን። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው።

ክቡር አሰልጣኝን ያበላሸው የስፖርት ፊልም ነው። የሚያነክስ ሯጭ፣ ጥርሱ የረገፈ ቦክሰኛ፣ ዋና የተማረች የውሃ ፈሪ፣ አስራ አንድ ሰው መሙላት ያቃተው ቡድን፤ ያላየው የለም። ሁሉም የሚያልቁት አንድ ዓይነት ነው፤ እሱ ግን በእያንዳንዱ ይደነግጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ይጠራንና ዙሪያውን እንቀመጣለን። መጨረሻው ሲደርስ ብድግ ብሎ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቆማል፣ ጀርባውን እያየን እንቀራለን።

«ሰዓት አለ! ገና ሰዓት አለ!» ብሎ ይጮኻል።

«ቁጭ በል እንጂ» ትላለች ባለቤቱ፣ ከደብተር ቁልል ሥር ቀና ሳትል። «ባለፈው ሳምንትም አሸንፈዋል።»

ባለቤቱ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ እኛም እንደ ተማሪዎቿ «ቲቸር» ነው የምንላት። ባል የሚያበዛውን ሚስት ትቀንሳለች፤ ቤታቸው በዚህ ሚዛን ነበር የቆመው።

«ሰዓት አለ» ከፊልም አልፎ ወደ ኑሯችን ገባ። ጋሼ የሚባሉ ጠራዥ አሉን፤ መጽሐፍ ሲሰፉ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው መኪና መንዳት ካልተማርኩ ያሉ። ስድስት ጊዜ ተፈትነው ስድስት ጊዜ ወደቁ። በሰባተኛው አሰልጣኝ እኛን ሁሉ ከሥራ አስፈቅዶ የፈተናው ሜዳ አጥር ላይ አሰለፈን፤ እንድናጨበጭብ። ጋሼ ጭብጨባውን ሲሰሙ ደንግጠው ሜዳው ላይ ከተደረደሩት የፕላስቲክ ኮኖች አንዱን ገጩት።

«ጋሼ፣ ስድስተኛው ላይ የገጩት ሦስት ነበር» አላቸው፣ እጃቸውን ይዞ። «ዛሬ አንድ! እየመጡ ነው እኮ!»

«ልጄ» አሉት፣ «በሚቀጥለው ብቻዬን ልምጣ።»

ጸሎቱም ይኸው ነበር። ጠዋት ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን ሳይቀንስ «ፈጣሪዬ፣ ያንተን ድርሻ ላንተ ትቻለሁ፤ የእኔን ብቻ ንገረኝ» ይላል። እኔ ከግድግዳው ማዶ ጆሮዬን እየደፈንኩ እርማቴን አነባለሁ። ስንት ጊዜ አለቃን ቢሮ ቀይሩልኝ ብያለሁ መሰላችሁ።

ከዚያ ቲቸር ታመመች።

ጉበቷ ላይ ነው አሉ። ሕክምናው ሦስት ዙር ነው ሲሉት አሰልጣኝ ዙር የሚለውን ቃል ብቻ ያዘ። ሆስፒታል ክፍሏ ግድግዳ ላይ የሦስት ዙር ሰንጠረዥ ለጠፈ፤ ወረቀቱን ራሱ ነው የቆረጠው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። ዶክተሩ ሲገባ «እንዴት ነን?» ይለዋል፤ ዶክተሩ አንገቱን ሲሰብር «ሰዓት አለ» ብሎ እሱ ዶክተሩን ያጽናናል። የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ዙር አልሠራም። ሦስተኛውም አልሠራም። አሰልጣኝ በሰንጠረዡ ግርጌ በእጁ አራተኛ መስመር አሰመረ።

አንድ ከሰዓት ልጠይቃት ስሄድ እሱ መድኃኒት ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። ቲቸር ከአንሶላው ተለይታ አትታይም። በእጇ ጠራችኝ።

«አንተ ስህተት ማየት ታውቃለህ» አለችኝ። «እየኝ።»

አየኋት።

«አልድንም» አለች። «እኔ አውቄዋለሁ፣ ዶክተሩ ያውቀዋል። ያላወቀው እሱ ብቻ ነው። ሰዓት አለ ባለኝ ቁጥር እንደገና ተነሽ ሩጪ ያለኝ ይመስለኛል። ደክሞኛል። ቤቴ መሄድ ነው የምፈልገው።»

«ንገሪው እንጂ።»

«ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ፊቱን ሳየው አቃተኝ። አንተ ንገርልኝ፣ እባክህ።»

እምቢ ብል በወደድኩ። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ጠብቄ ያዝኩት። መድኃኒቱን በፌስታል ይዞ፣ ላቡን እየጠረገ ነው የመጣው። ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። ስናገር የራሴ ድምፅ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ!» ብሎ ጮኸብኝ። አስራ አራት ዓመት ስንተዋወቅ ተቆጥቶኝ አያውቅም። «ጨዋታው ሳይጀመር የምትወጣ! ምን አለ አንድ ቀን እንኳ ብታምን!»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት። እሷ ናት።»

«እሷ?»

«በአፏ።»

ሰዎች ባጠገባችን አለፉ፣ አንድ በሽተኛ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፋ።

«ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?»

«ፊትህን ስታይ አቃታት።»

ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አፉን ደጋግሞ ቋጠረው። «እኔ እኮ ዝም ያልኩ ቀን የምትሞት ይመስለኛል» አለ በመጨረሻ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩ።

ሲነሳ ፊቱን በቧንቧ ውሃ ታጠበና ወደ ክፍሏ ገባ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር፤ ሰንጠረዡን ከግድግዳው ሲልጥ አየሁት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አላት።

በሕይወቱ ይህን ጥያቄ መልሱን ሳያዘጋጅ ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ቤቴን» አለችው። «መስኮቱ ጋ። አንተም አጠገቤ።»

ቤቷ አስራ ዘጠኝ ቀን ቆየች። ጠዋት ጠዋት መጋረጃ ይከፍትላታል፣ ጸጉሯን ያጥብላታል። ተማሪዎቿ የመጨረሻ ፈተናቸውን ላኩላት፤ እሱ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይይዝላታል፣ እሷ በጣቷ ትጠቁማለች፣ እሱ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ያርማል። ጋሼና እኔ ስንመጣ አንድም ቀን ፊልም አልተከፈተም። ጸሎቱ ግን አልቀረም፤ ድምፁ ብቻ ነው የቀነሰው። «ፈጣሪዬ፣ ሕመሙን አቅልልላት። እኔንም አበርታኝ» ይላል።

«አሁን ገና መጸለይ ቻልክ» አለችው አንድ ቀን፣ ፈገግ ብላ።

ረቡዕ ጠዋት ውሃ ሊያፈላላት ወደ ማድ ቤት ገባ። ሲመለስ አርፋለች።

አሰልጣኝ ወደ ሥራ ሲመለስ ማሽኑ እንጂ እሱ አይሰማም ነበር። ይቆርጣል፣ ይቆልላል፣ ይሄዳል። ከግድግዳው ማዶ የነበረው ጫጫታ ጠፋ። እኔ፣ ቢሮ ቀይሩልኝ ባዩ፣ ጠዋት ጠዋት እርማቴን ትቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ መጣል ጀመርኩ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኩት። «ትጸልያለህ?»

«እቀመጣለሁ» አለኝ። «እሱም ይቀመጣል። አንነጋገርም። አኩርፌዋለሁ።» ዳቦውን ቆርሶ መልሶ አስቀመጠው። «ግን ተነስቼ አልሄድኩም።»

በዚያው ሰሞን አንድ ነገር ደረስኩበት። ጋሼ በዘጠነኛው ፈተና አልፈው ኖሯል። መንጃ ፈቃዳቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ሦስት ሳምንት ለማንም ሳይናገሩ ቆይተዋል። «እሱ እንዲህ ሆኖ እኔ በምን አፌ ደስ አለኝ እላለሁ?» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ወደ መቁረጫው ክፍል ወሰድኳቸው። አሰልጣኝ ፈቃዱን ገለባበጠ፣ ፎቶውን አየ፣ ጋሼን አየ። ከዚያ አቅፎ ሳማቸው፤ ሁለቱም ተላቀሱ። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ፤ አንድ ሰው እንባውን መደበቅ ነበረበት።

ለቅዳሜ ቤቴ ጠራሁት። እኔ፣ የስፖርት ፊልም ሲባል ራሴን የሚያመኝ ሰው፣ ሱቅ ገብቼ ሻጩን «የሚሸነፉ የሚመስሉበት አለህ?» ብዬ ጠይቄ ነው የገዛሁት። ስለ ቀዛፊዎች ነው፤ ጀልባቸው ያፈስሳል። አሰልጣኝ በእኔና በጋሼ መካከል ተቀመጠ። እንደ ድሮው አልተረከልንም፣ ማን እንደሚያሸንፍም አልገመተም። ግማሹ ላይ ሳይደርስ ከበድ ያለ ነገር ትከሻዬ ላይ አረፈ። ጭንቅላቱ ነው። እንቅልፍ ወስዶታል።

እሷ ካረፈች ወዲህ በቅጡ ተኝቶ እንደማያውቅ ዓይኑ ይናገር ነበር። ጋሼ ቀስ ብለው የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ቀነሱት። ቀዛፊዎቹ በዝምታ ቀዘፉ፣ በዝምታ ደረሱ፣ በዝምታ ዋንጫ አነሱ። የተዋንያኑ ስም ወርዶ አለቀ፤ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ። ክንዴ ደንዝዟል፣ ጣቶቼ አይሰሙኝም።

«ላንሳልህ?» አሉኝ ጋሼ በሹክሹክታ።

«ይተዉት» አልኳቸው። «እንዳይነቃ።»