ለሐጂ ሙጠሊብ ጤና ሲባል የበላሁት ምሳ

ስለ ሰው ልጅ ጤና ታላላቅ ሰዎች በታላላቅ አዳራሾች ብዙ ጊዜ ተሰብስበዋል። ምን እንደወሰኑ ማንም አያስታውስም። በፈረንጆቹ 2015፣ ረመዳን እንዳለቀ፣ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ከሐጂ ሙጠሊብ ሱቅ ጀርባ ባለው መብረዝ የተደረገውን ጉባኤ ግን እኔ አልረሳውም። ሆዴም አይረሳውም።

መብረዝ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቃምበት ክፍል ነው። ሙቀቱ ሱቁን ሲያስዘጋን ፍራሽ ላይ ጋደም እንላለን፤ የዓለም ችግርም በሙሉ እዚያ ይፈታል፣ ማታ ተመልሶ ይቋጠራል። የዚያን ቀን የተፈታው ግን ሳይቋጠር አደረ። ጥፋቱ ይኸው ነው።

ጉባኤውን የከፈተው አኒስ፣ የሐጂ የእህት ልጅ ነው። ፈረንሳይ አገር የሆቴል መስተንግዶ ተምሮ ስለመጣ መብረዙ በሙሉ «ዶክተር» ይለዋል። እኔን ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩትን ደግሞ «ዓብዱልመጂድ፣ በሩን ዝጋ» ይሉኛል። ይሁን።

አኒስ ስልኩን ከፍ አድርጎ ከፈረንሳይኛ እየመለሰ አነበበ።

«ወፍራም ሰዎች ላይ አንድ ዓይነት የጭንቅላት ዕጢ ከሌላው ሰው በለጥ ብሎ ይገኛል። ሳይንስ ነው።»

የሚያኝከው ጉንጭ ሁሉ ቆመ። ሐጂ ሆዳቸውን አዩ። ቀጥለን እኛም የሐጂን ሆድ አየን። ረመዳን ሌላውን ሰው ሲያከሳ እሳቸውን በአፍጥር አሳብጧቸው ነበር።

«በምን ያህል ይበልጣል?» አልኩ።

«ሳይንስ ሲናገር አይቋረጥም» አለኝ አኒስ። ወዲያው ስልኩ ባትሪ ጨረሰና ሳይንስ ተቋረጠ።

የቀረውን ጉባኤው ከራሱ እውቀት ሞላው። ስብ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ የሞቀ ነገር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጅቡቲ የበለጠ የሚሞቅ አገር የለም፤ ስለዚህ የጅቡቲ ስብ ማረፊያው አናት ነው። አንድም ተቃውሞ አልቀረበም።

«እንግዲህ አናቴ ውስጥ የደረሰው ስንት እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉ ሐጂ።

«በመመዘን» አለ አኒስ። «በሽታው ጭንቅላት ላይ ሆኖ ሳለ ሆድ መመዘን ምን ይሠራል፣ አጎቴ?»

የሽንኩርት ሚዛኑን አመጣሁ። ሐጂ ተንበርክከው ጉንጫቸውን ሳህኑ ላይ አሳረፉ። «ትንፋሽ ያዙ፣ አየሩ እንዳይቆጠር» አለ አኒስ። ሐጂ ፊታቸው ቲማቲም እስኪመስል ያዙ፤ ጆሯቸው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፎ ተነሱ። ሁላችንም በየተራ ተመዘንን። የአኒስ ጭንቅላት ከሁላችንም ቀለለ፤ ጤነኛነቱ ተረጋግጦ ተጨበጨበለት።

ሐጂ ልጣጩን ሳያራግፉ አወጁ።

«አምቡሊ አየር ማረፊያው አጠገብ የምከፍተውን ሱቅ ለወፍራም ሰው አልሰጥም። ነገ ጭንቅላቱን ቢታመምብኝስ? መስከረም ሲያልቅ ባንቲሁንንና ዓብዱልመጂድን ጆንያ በምንመዝንበት ሚዛን እመዝናለሁ። ቁልፉ ለቀላሉ ነው።»

ባንቲሁን ያን ጊዜ የካርቲየ 3 ሱቅ ኃላፊ ነበር። እኔ ቀድሜው የተቀጠርኩ ሰው ሳለሁ ቦታውን ያገኘው በአገጩ ነው፤ ሁለት አገጭ ነበረው። ያኔ ሐጂ ጠርተው በትህትና አስረዱኝ፦ «አንተን ሱቁ በር ላይ ባቆም፣ ሙጠሊብ ከሰረ ብለው ያወራሉ።» አጥንቴን ይዤ ወደ መጋዘን ተመለስኩ። አልተቀየምኩም። ይችን ቃል በየምሽቱ ለራሴ እየደገምኩ ተኛሁ እንጂ፣ አልተቀየምኩም።

እንግዲህ በቅጥነቴ ያጣሁትን በቅጥነቴ ላገኝ ነው። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም፤ እንደነበርኩ መቆየት ብቻ።

ግን የሐጂ ምሳ ነበረ።

ሐጂ መብላት ፈሩ እንጂ ምሳው መምጣቱን አልተወም። የውብዳር፣ ጋቦዴ ሰፈር ባለው ቤታቸው እየኖረች የምታበስልላቸው ልጅ፣ እንደ ወትሮዋ ትሠራለች፦ በግ በሩዝ፣ በየመኖች አጠባበስ የተጠበሰ ዓሣ፣ ማር የፈሰሰበት ቂጣ በሙዝ። ሐጂ አስጠሩኝ።

«ያንተ አናት አስተማማኝ ነው። እኔ ሽታውን ልውሰድ፤ አንተ ብላልኝ።»

«ሐጂ፣ የመስከረሙ ሚዛን አለብኝ እኮ።»

«ለአምቡሊ ያሰብኩት ሰው ነው ማዕዴን የሚገፋው?»

በላሁ። የውብዳር በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ወንድም ዓለም፣ ጨርስልኝ» አለችኝ ሐጂ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ። «ሳህኑ ሙሉ ከተመለሰ፣ እሷ ምን ትሠራለች ብለው ያሰናብቱኛል።»

«አንቺ አትበዪም?»

«ፍልሰታ ነው እኮ። ደግሞስ ምን ያስፈራሃል፣ የልብስ መስቀያ የመሰልክ ሰውዬ?»

ሐጂ በየቀኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይመሩኛል። «ከጎድኑ ጀምር። አሁን መረቁን። እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው ብሎ ነገር የለም፤ አብራራ።»

አብራራለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ባዶ አፋቸውን ያኝካሉ።

ባንቲሁንም በበኩሉ ፍልሰታን ጾመ። ሕዝበ ክርስቲያኑ ሲፈታ እሱ አልፈታም። በጫትና በውሃ ኖረ። አንዱ አገጩ ሄደ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛውም ተከተለው።

መስከረም አለቀ፤ የቀበቶዬ ቀዳዳ ከእሱ ቀድሞ አልቋል። ባንቲሁን ሚዛኑ ላይ ሲወጣ መርፌው ተጠራጥሮ ተነሳ። እኔ ስወጣ ምንም አልተጠራጠረም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ አባቶች፤ ሳይሾም ለበላው ግን ምንም ሳይሉለት ነው ያለፉት። ቁልፉ ለባንቲሁን ተሰጠ።

አኒስ በዓሉን በንግግር ሊያሳርግ ያንኑ ጽሑፍ ከፈተ። በዚህ ቀን ባትሪው ሙሉ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ሆኖም በሽታው ራሱ ከስንት አንድ የሚገኝ ነው። ወፍራም ከሆኑትም አብዛኞቹን አይዛቸውም። ከክብደት ጋር የሚያያዝበት ምክንያት ገና እየተጠና ነው።»

ሐጂ አናታቸውን ዳበስ አደረጉ።

«የውብዳርን ጥሩልኝ» አሉ ሐጂ፣ ከእስር እንደተፈታ ሰው። ምሳ እስኪመጣ ባንቲሁንን ትኩር ብለው አዩት። «ይህን አጽም በር ላይ ባቆም፣ ከሰረ ይሉኛል። የድሮው ሕግ ተመልሷል። እስኪያገግም ምሳዬን ከእኔ ጋር ይብላ፤ አምቡሊ ይቆየው።»

ሆዴን ወደ ፊት ገፋሁ።

«ሐጂ፣ እሱ እስኪወፍር ከሚጠብቁ እኔ አለሁልዎት አይደል? የደረሰ።»

ሐጂ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እንደ ያኔው፣ በትህትና።

«አንተን በር ላይ ባቆም» አሉ፣ «ሙጠሊብን በልቶ ጨረሰው ብለው ያወራሉ።»