ጭራዋን የሰቀለች ሞተር

ኢንጂነር፦ ያዛት አልኩህ እንጂ እቀፋት አላልኩህም።

ዘበኛ፦ ካላቀፍኳት ትወድቃለች፣ ጋሼ። መቆሚያዋ አጥሯል።

ኢንጂነር፦ መቆሚያዋ አላጠረም። እሷ ናት ያደገችው።

(ጠባብ ጓሮ ነው። መሃሉ ላይ ከባለቤቷ በዕድሜ የምትበልጥ ሞተር ሳይክል አለች። ከኋላ ከሌላ ሞተር የተነቀሉ ሁለት ረጃጅም ሾኮች፣ የመንገዱን ንጥቂያ የሚያበርዱ ሞላዎች፣ ስለገቡላት ጭራዋን ሰቅላ፣ አፍንጫዋን ደፍታ ቆማለች። ባለቤቷ መጋረጃ ሻጭ ነው። «ኢንጂነር» ብሎ የሰየመው ሰፈሩ ነው፤ ሰፈሩ ለማሾፍ ብሎ ያወጣውን ስም እሱ አምኖ ተቀበለው። ሞተሯን ያቀፈው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሱቅ ዘበኛ። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። ጀርባው ላይ ትልቅ ቦርሳ አንግቷል። ኢንጂነሩ ቦርሳውን ከጠዋት ጀምሮ አይቶታል፤ ስለ ቦርሳው ግን ትንፍሽ አላለም።)

ዘበኛ፦ ድሮ ራሷን ችላ ነበር የምትቆመው።

ኢንጂነር፦ ድሮ ብዙ ነገር ራሱን ችሎ ይቆም ነበር። መሻሻል ዋጋ ያስከፍላል።

ዘበኛ፦ ዋጋው እኔ ነኝ ማለት ነው?

ኢንጂነር፦ አንተ ለጊዜው መቆሚያ ነህ። ሙያ ነው፣ አትናቀው።

ዘበኛ፦ አልናቅኩም። ብቻ እዚያ ሱቅ ወንበር ይሰጡኛል። ጋሼ፣ መሪዋ የሚንቀጠቀጠው ግን ለምንድነው?

ኢንጂነር፦ የፊት ጎማው ንፋስ በዝቶ ነው።

ዘበኛ፦ ትናንት አንሷል ብለው ሞልተውት ነበር።

ኢንጂነር፦ ታዲያ ለዚህ ነዋ የበዛው።

(ጎማውን አስተነፈሰ፣ ተቀመጠባት፣ እስከ መንገዱ ጫፍ ነድቶ ተመለሰ። ሲመለስ መሪው በእጁ ላይ እንደ ወንፊት ይወዛወዛል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ አቧራ ይዟል።)

ዘበኛ፦ ወደቁ እንዴ?

ኢንጂነር፦ አልወደቅኩም። መንገዱን ቀረብ ብዬ አየሁት።

ዘበኛ፦ እንዴት ነው?

ኢንጂነር፦ ያዘነብላል። ጥፋቱ የመንገዱም ሊሆን ይችላል።

ዘበኛ፦ ሌሎቹ ሞተሮች በደህና ያልፋሉ እኮ።

ኢንጂነር፦ እነሱ አልተሻሻሉማ። ያልተሻሻለ ነገር ምን ይሰማዋል? መፍቻውን አቀብለኝ፤ የመሪዋን ኩሽኔታ ጥብቅ ላድርገው።

(አጠበቀው። በጣም አጠበቀው። መሪው አሁን እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብሎ ቆሟል።)

ኢንጂነር፦ ይኸው። አሁን ዝንፍ አትልም።

ዘበኛ፦ መታጠፍ ሲያስፈልግስ?

ኢንጂነር፦ መጀመሪያ ቀጥ ትበል። መታጠፍ ሌላ ሥራ ነው።

ዘበኛ፦ እናቴ ቤት ለመድረስ ሁለት ቦታ መታጠፍ አለ።

(ኢንጂነሩ መፍቻውን አስቀመጠ። ሚስቱ እናቷ ቤት ከገባች ሳምንቷ ነው።)

ኢንጂነር፦ እስቲ ያለችህን ድገምልኝ። አንዲት ቃል እንዳትጨምር።

ዘበኛ፦ «ዛሬ ጀንበር ሳትጠልቅ ይምጣና ይውሰደኝ።»

ኢንጂነር፦ ይኸው፣ ደህና ቃል ነው።

ዘበኛ፦ «በዚያችው ሞተር፣ ብቻውን፣ ሳይንቀጠቀጥ።»

ኢንጂነር፦ ሳይንቀጠቀጥ ያለችው እኔን ነው ሞተሯን?

ዘበኛ፦ ሁለታችሁንም መሰለኝ።

ኢንጂነር፦ ይሄ ካልሆነስ?

ዘበኛ፦ (ቦርሳውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ) ካልሆነ ሌላ ነገር ብላኛለች።

(ኢንጂነሩ ሌላው ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቀም። የሚስት ወንድም ትልቅ ቦርሳ አንግቶ ሲመጣ ምን ሊሰበስብ እንደመጣ ለመገመት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ቀሚሶቿ ልክ ያንን ቦርሳ የሚሞሉ ናቸው። ጎንበስ ብሎ ያጠበቀውን መልሶ ማላላት ጀመረ።)

ዘበኛ፦ የተጣላችሁት በልብሱ ነው አይደል?

ኢንጂነር፦ ማን ተጣላ? የአሠራር ልዩነት ነው። ሞተሯ በራሷ ፈቃድ ወደ ተሰጣው ልብስ ዞረች። እኔ ከአንሶላው ስር ስወጣ ገመዱ ያለ ቦታው መወጠሩን በጨዋ ደንብ ነገርኳት።

ዘበኛ፦ እትዬስ?

ኢንጂነር፦ «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች» አለችኝ። እኛ የምናወራው ስለ አንሶላ፣ እሷ መጽሐፍ ታጥባለች።

ዘበኛ፦ አንሶላውን ማን አጠበው ታዲያ?

ኢንጂነር፦ እስካሁን በሂደት ላይ ነው።

(አንሶላው ከነጎማው አሻራ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ገመዱም እንደተበጠሰ ነው።)

ዘበኛ፦ ጋሼ፣ እኔ ከኋላ ልቀመጥና ላዳምጣት?

ኢንጂነር፦ ምን ልትሰማ?

ዘበኛ፦ እንጃ። የምትለውን።

ኢንጂነር፦ ተቀመጥ። ብትወድቅ ግን አንተ ነህ የጣልከን።

(ሁለቱ ተፈናጠጡ። ሞተሯ በዘበኛው ከነቦርሳው ክብደት ጭራዋን ዝቅ አደረገች። እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደው፣ ዞረው፣ ተመለሱ። መሪው ዝንብ ያረፈበት ያህል እንኳ አልተነቃነቀም።)

ኢንጂነር፦ አየህ? አላልኩህም? ኩሽኔታው ነበር።

ዘበኛ፦ መልሰው አላልተውት የለም እንዴ?

ኢንጂነር፦ ማላላቱ ነዋ ብልሃቱ። በል ውረድ፣ ብቻዬን ልየው።

(ብቻውን ሄደ። ዘበኛው ከመንገዱ ጫፍ መጀመሪያ ጩኸት፣ ከዚያ የቆርቆሮ አጥር ድምፅ ሰማ። ኢንጂነሩ ሞተሯን እየገፋ መጣ።)

ዘበኛ፦ አሁንስ መንገዱን ቀረብ ብለው አዩት?

ኢንጂነር፦ አሁን ያየሁት አጥሩን ነው።

ዘበኛ፦ እኔ ስቀመጥ ትረጋለች፣ ስወርድ ትንቀጠቀጣለች። ለምንድነው ጋሼ?

ኢንጂነር፦ ግልጽ ነው። አሮጌ ናት። አሮጌ ነገር ብቻውን መሆን አይወድም።

ዘበኛ፦ እንደ ሰው?

ኢንጂነር፦ ልክ እንደ ሰው። (ጉሮሮውን ጠረገ) ማለቴ፣ እንደ ብረት። ብረትም ይሰማዋል።

ዘበኛ፦ አብሬዎት ልሂድ ታዲያ?

ኢንጂነር፦ «ብቻውን» ብላለች አላልከኝም? ደግሞ እሷ የት ልትቀመጥ?

ዘበኛ፦ እኔ እናቴ ጋ እቀራለሁ።

ኢንጂነር፦ ስደርስ አንተን ከኋላዬ አዝዬ ልታየኝ? ብቻውን መምጣት አቃተው፣ ሞግዚት ይዞ መጣ ትበለኝ?

ዘበኛ፦ መታጠፊያው ጋ ብወርድስ?

ኢንጂነር፦ ከመታጠፊያው እስከ በሩ ድረስ ሜዳ ነው። እናትህ በመስኮት፣ እህትህ በበር። መንቀጥቀጤን ተመልካች ሞልቶ ያየዋል።

ዘበኛ፦ በእኔ ፈንታ አሸዋ በጆንያ ብናስር?

ኢንጂነር፦ ሚስቴ አሸዋው ላይ ልትቀመጥ?

ዘበኛ፦ አሸዋውን እዚያ ያራግፉታላ።

ኢንጂነር፦ አማቴ ደጃፍ አሸዋ ደፍቼ ልጇን ልውሰድ?

ዘበኛ፦ ቤት ሊያድሱልኝ ነው ብላ ደስ ይላታል።

(ኢንጂነሩ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ደህናዋን ሞተር ማን ንካት አለው? ከፍ ብላ ታምራለች ብሎ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ እሱ ግን ተረቱን ለሌላ ሰው እንጂ ለራሱ ተርቶት አያውቅም። ጥላው ግድግዳው ላይ ወጥቷል፤ ጀንበሯ እየዘቀዘቀች ነው።)

ዘበኛ፦ ጋሼ፣ ኪሴ ውስጥ ስንት ቁልፍ አለ?

ኢንጂነር፦ ምን?

ዘበኛ፦ ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት።

ኢንጂነር፦ ሦስት።

ዘበኛ፦ (አውጥቶ አሳየው) ሁለት ነው።

ኢንጂነር፦ አንዱን ጥለኸዋል።

(ዘበኛው ኪሱን እንደገና ዳበሰ። ለአፍታ እውነትም የጣለ መሰለው።)

ዘበኛ፦ እሺ፣ አሁን እናቴ ምን እያደረገች ነው?

ኢንጂነር፦ እኔን እያማችኝ ነዋ።

ዘበኛ፦ እሱንስ አውቀዋል። እሺ፣ ጎረቤት ያለው ውሻ ትናንት ምን አልሞ አደረ?

ኢንጂነር፦ አጥንት። ምን ነካህ አንተ? ዛሬ ከመቆሚያነት ወደ ፈታኝነት ማን አሳደገህ?

ዘበኛ፦ የመጨረሻ ጥያቄ ነው፣ ጋሼ። ከዚህ በኋላ አልጠይቅም።

ኢንጂነር፦ በል ወዲያ ጨርሰው።

ዘበኛ፦ እትዬ ባትመለስ ምን ያደርጋሉ?

(ኢንጂነሩ አፉን ከፈተ። እንደወትሮው መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ እንዲመጣለት ጠበቀ፤ አልመጣም። የተበጠሰውን ገመድ አየ። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ሻይ ለሁለት እየቀዳ አንዱን ሲደፋ መክረሙ ትዝ አለው። ናፍቃዋለች፤ እስከዛሬ ለራሱም አልነገረውም።)

ኢንጂነር፦ አላውቅም።

ዘበኛ፦ ምን አሉ?

ኢንጂነር፦ አላውቅም አልኩህ። ሞተሯ ለምን እንደምትንቀጠቀጥም አላውቅም። ከጠዋት ጀምሮ የቀባጠርኩት ሁሉ ከባዶ ነው። ቦርሳህን ክፈትና የመጣህበትን ሰብስብ። ልብሷ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ዘበኛ፦ የምን ልብስ? (ስልኩን አውጥቶ ደወለ) እትዬ? አሉ። … አዎ፣ በገዛ አፋቸው። … ስለ ሞተሯ አይደለም፣ እሱ በኋላ ነው የመጣው። ስለ አንቺ ነው። … እትዬ? እትዬ፣ አለሽ?

ኢንጂነር፦ ምን አለች?

ዘበኛ፦ ምንም። ታለቅስ ወይ ትስቅ እንደሆነ አላውቅም። ይኸው፣ ያን ያህል ከባድ ቃል አይደለም እኮ፣ ጋሼ።

(ቦርሳውን አውርዶ ዚፑን ከፈተ። ውስጡ ሁለት አጫጭር፣ ጥግ ጥጋቸው የዛገ ሾኮች ተጋድመዋል።)

ኢንጂነር፦ እነዚህማ የሞተሯ የራሷ ናቸው። የጣልኳቸው።

ዘበኛ፦ በጣሏቸው ቀን እትዬ አነሳቻቸው። «ጥያቄ አብዛበት፤ አላውቅም የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ስጠው፣ ካልወጣ ቦርሳውን እንደተሸከምክ ተመለስ» አለችኝ። ጥያቄ አለቀብኝና ኪሴ ውስጥ ገባሁ።

ኢንጂነር፦ ቀኑን ሙሉ ተሸክመሃቸው ነው? እኔ ደግሞ ሞኝ መስለኸኝ።

ዘበኛ፦ እሱንም ጠይቄያት ነበር፤ ሞኝ ልምሰል ወይ ብዬ። «እንደ ሁልጊዜህ ሁን፣ ይበቃል» አለችኝ።

(ሁለቱም ተንበርክከው ረጃጅሞቹን ፈቱ፣ አጫጭሮቹን አሰሩ። ሞተሯ ጭራዋን ዝቅ፣ አፍንጫዋን ቀና አደረገች። መቆሚያዋን ዘርግተው ለቀቋት፤ ራሷን ችላ ቆመች። ዘበኛው እጁን አራገፈ፤ ከመቆሚያነት መሰናበቱ ነው። ኢንጂነሩ ብቻውን ተቀምጦ እስከ መንገዱ ጫፍ ነዳ። በቆርቆሮው አጥር ስር ሲያልፍ አንድ እጁን ለቆ እንኳ ሞከረ። ቀጥ አለች። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል፤ ማለትም የድሮው ሰው።)

ኢንጂነር፦ አየህ፣ ወንድሜ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላዋ ሲነሳ የፊቷ ሚዛን ይዛባል። እኔ ይህን ገና ከጠዋቱ ጠርጥሬ…

ዘበኛ፦ ጋሼ፣ እትዬ አንድ የረሳሁት ነገር ብላኝ ነበር። ቦርሳው ባዶውን አይመለስም።

ኢንጂነር፦ ምን ይዞ ይመለሳል?

ዘበኛ፦ ወይ እነዚያን ረጃጅሞቹን፣ ወይ ልብሷን። «ሲናገር ሰምተህ ወስን» ብላኛለች። እየሰማሁ ነው፣ ይቀጥሉ። ከጠዋቱ ጠርጥረው…?

(ኢንጂነሩ ከሞተሯ ወረደ። ረጃጅሞቹን ሾኮች በገዛ እጁ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ዚፑንም ራሱ ዘጋው። ሞተሯን አስነሳ። የጓሮው በር ጋ ሲደርስ ግን ዘበኛው ተከትሎ ጠራው።)

ዘበኛ፦ ጋሼ፣ ለማንኛውም ቁም ሳጥኑ የቱ ጋ ነው ያሉኝ?

ኢንጂነር፦ አላውቅም።